በሩን ማን ቀባው?

ግቢው ስድስት የኪራይ ክፍሎች አሉት፤ የስድስቱም በር ቡኒ ነው። ከስድስቱ አንዱ አዲስ ሆኖ ማብረቅረቅ ከጀመረ ግን እዚያ ክፍል ያለው ሰው ዕቃውን መሸከፍ ይጀምራል። ማንም ልቀቅ አይለውም። አከራይዋ ለክፉ ነገር አፋቸውን አይከፍቱም። ቀለም ቀቢ ይልካሉ፣ በቃ። ቀቢው በሩን ሁለት እጅ ቀብቶ ይሄዳል፤ ወሩ ሲያልቅ ተከራዩም ይሄዳል። ሴትዮዋ ወገባቸው ላይ ከሚያንጠለጥሉት የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ተከራዮቹ በሌሉበት "እትዬ ቁልፍ" ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን "እትዬ" ብቻ ናቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት በር አስቀብተዋል። ሦስት ቤተሰብ ወጥቷል። አንደኛው ቤተሰብ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሠም፤ ፍራሻቸው ሲወጣ ጫፉ ቡኒ ሆኖ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠራዧ ከሥራ ስትመለስ የገዛ በሯ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት።

ጠራዧ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ትጠርዛለች፤ ከጣቶቿ ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ጠፍቶ አያውቅም። አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ብቻ ናቸው። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲያደርሱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ በዓመቱ ዓይናቸውም መልቀቂያ አስገባ። አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ነው። ክፍሉን ግን በእግራቸው ይዘውታል፦ ከአልጋ እስከ በር አምስት እርምጃ፣ ከበር እስከ ቧንቧ አሥራ ሰባት። ዓይን በነበራቸው ዘመን አሥራ አንድ ቤት ቀይረዋል። ሐኪሙ ለልጅቷ ለብቻዋ አንድ ነገር ነግሯት ነበር፦ "ቤት እንዳትቀይሪባቸው። አሁን ዓይናቸው የለመዱት ቦታ ነው።"

"አባዬ፣ ማን ነው የቀባው?"

"እኔ ምን አውቄ። ጋደም ብዬ ነበር። ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ።"

"ድምፅ አልሰማህም?"

"ብሩሽ ምን ድምፅ አለው? መዶሻ ቢሆን እሰማ ነበር። ይህንን እነሱም ያውቁታል።"

አንድ ነገር ግን አልነገሯትም። ከሽታው ጋር አብሮ በበሩ ሥር ወረቀት ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ወለሉን ዳበስ ዳበስ አድርገው አገኙት፤ አጣጥፈው ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ከተቱት። የመጥሪያ ሰው ናቸውና ደንቡን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ያልተነበበ ወረቀት አልደረሰም።

ጠራዧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያስደነገጣት ከቤት መውጣቱ ብቻ አልነበረም። አከራይዋ ከሚኖሩበት ከትልቁ ቤት አንድ ሰው ይህንን እያወቀ ትናንት ማታ መንገድ ላይ እጇን ይዞ ሲስቅ ነበር። ከጆሮዋ ያልወጣው ያ ሳቅ ነው።

* * *

ዓርብ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሸንጎ ተቀመጠ።

"አረንጓዴ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሁለተኛው ክፍል ተከራይ። "ለእኛ ለድሆቹ ቡኒ ነበር። አሁን የሚገባው ሰውዬ ቀለም የሚያማርጥ ነው ማለት ነው።"

"ረቡዕ ዕለት መስኮቷን በሜትር ሲለካ አይቼዋለሁ" አለች የሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ።

"ማነው የለካው?"

"ማን ይሆናል? የእትዬ ልጅ ነዋ! መነጽር ሠሪው። ለካ ለካና ወረቀት ላይ ጽፎ ሄደ።"

"መነጽር ሠሪ አይደል? አጥርቶ ያያል።"

ጠራዧ ጀሪካኗ ሞልቶ መፍሰሱን አላየችም። አጣቢዋ ቧንቧውን ዘጋችላትና ጠጋ አለቻት።

"እኔማ እህቴ፣ እናንተ መሃል የሆነ ነገር አለ ሲሉ ሰምቼ…"

"ምንም የለም።"

"እንኳንም አልኖረ። አከራይ ቢያፈቅር የሚያፈቅረው ባዶ ክፍል ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ጠራዧም ሳቀች፤ የሳቋ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ሳቁ ቀጥ አለ። አስተካካዩ ዘንድሮ ዝናቡ መዘግየቱን ማውራት ጀመረ። የግቢው ሕግ ነው፤ የትልቁ ቤት ሰው ሲያልፍ ወሬው ስለ ሰማይ ይሆናል።

እትዬ አረንጓዴው በር ፊት ቆሙ። እሳቸው ቀቢ አልላኩም። በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተንጠባጥቧል፣ የለመደ እጅ አልነካውም። ጠዋት ቁርስ ላይ በልጃቸው ጥፍር ሥር ያዩት አረንጓዴ ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገባቸው። ከዚያ ዞር ብለው ጠራዧን አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩዋት ያህል ረጅም ጊዜ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግቢው በሙሉ ምን እንደሚሉ ጠበቀ።

"ቀለሙ ደህና ነው" አሉና አለፉ።

ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ጠራዧ ግን ክንዶቿን አቅፋ ቆመች።

* * *

መነጽር ሠሪው ያደገው ሌላ ከተማ አጎቱ ዘንድ ነው፤ ሙያውንም የተማረው እዚያው። የተመለሰው ከሁለት ዓመት በፊት አባቱ ሲሞቱ ነው፤ በግቢው የመጨረሻው በር የተቀባው ደግሞ እሱ ከመምጣቱ በፊት። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከተከራዮቹ አፍ የሰማው ሁሉ ቢሰበሰብ "ሰላም"፣ "እሺ" እና የአየር ጠባይ ነው።

ከጠራዧ ጋር የተዋወቁት ግን ከግቢው ውጭ፣ እሱ ሱቅ ውስጥ ነበር። አባቷን ይዛ መነጽር ልትገዛ መጣች። እሱም ሽማግሌውን አይቶ ሲጨርስ "እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ፤ መነጽር አይረዳቸውም" አላት። ሌሎች ሁለት ሱቆች ከዚያ በፊት ሁለት መነጽር ሸጠውላቸዋል። እሷ የወደደችው ባልሸጠላት መነጽር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ አብረው ይሄዳሉ፤ ግቢው ጋ ለመድረስ ሁለት መንገድ ሲቀር እሷ ትቀድማለች፣ እሱ አሥር ደቂቃ ቆሞ ይከተላል።

አንድ ቀን ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን አረንጓዴ ጨርቅ አሳይታው "የራሴ በር ቢኖረኝ እንዲህ ነበር የማደርገው" ብላው ነበር። ሐሙስ ዕለት እሷ ሥራ እያለች፣ አባቷም ተኝተው ሳሉ፣ መነጽር ሠሪው በሩን በገዛ እጁ ቀባ። ደብዳቤም በበሩ ሥር ከተተ። በደብዳቤው ምልክት ጠይቋታል፤ እሺ ካለች በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወው፣ እምቢ ካለች ትዝጋው።

ሐሙስ ማታ በሩ ዝግ ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን አግላ፣ ሌሎቹ አምስት በሮች ወለል ብለው፣ አረንጓዴው ብቻ ጥርቅም ብሎ ዋለ። ከውስጥ ጠራዧ ዕቃ እየሸከፈች ነው፤ ሰው እንዲያያት አልፈለገችም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የግቢው መግቢያ ላይ ተገጣጠሙ።

"እንደምን ዋሉ" አለችው።

አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ስትለው ኖራለች። መነጽር ሠሪው አንድ እርምጃ ቀረበ።

"በሩን… አየሽው?"

"አይቼዋለሁ። ገብቶኛል።"

"እና?"

"መልሴን ለእናትዎ እሰጣለሁ።"

"ለእናቴ? ለምን ለእናቴ?"

"ታዲያ ለማን ልስጥ? የቤቱ ባለቤት እሳቸው አይደሉ?"

ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችው። በዚያ ዓይን ውስጥ የሚያውቃትን ሴት ፈለጋት፤ ያገኘው ግን ቧንቧው ጋ ሲያልፍ ሁልጊዜ የሚያየውን፣ የተዘጋውን የተከራይ ፊት ነው። እንዲህ ትጠላኛለች ለካ፣ አለ በልቡ።

* * *

እትዬ ሳሎናቸው ውስጥ አንሶላ እያጣጠፉ ነበር። ጠራዧ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"ምንድን ነው?"

"የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው እትዬ። በወሩ መጨረሻ እንወጣለን።"

"ማን ልቀቂ አለሽ?"

"ማንም። በሩ ነው።"

እትዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ በማተሚያ ቤት መቁረጫ የተቆረጠ ነው። አሁንም አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

"እኔም ተከራይ ነበርኩ" አሉ በመጨረሻ። "አሥራ አራት ዓመት። አንዷ አከራይ ልጄን አዝዬ መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ 'ውጪልኝ!' ብላ ጮኸችብኝ። ያን ዕለት ማልኩ። ቤት ቢኖረኝ ሰው በአፌ አላስወጣም አልኩ። ለዚህ ነው ቀለሙ። ሰው ሳይዋረድ ይሄዳል።"

"አዎ እትዬ።"

"ደም መጣጭ እንደምትሉኝ አውቃለሁ።"

"እኔ ብዬ አላውቅም።"

"ሌሎቹ ሲሉ ግን ሰምተሽ ዝም ብለሻል።"

ጠራዧ አንገቷን ደፋች። እትዬ ደብዳቤውን እንደ አንሶላው አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"ለአባትሽ ደህና ቦታ ፈልጊላቸው" አሉ።

ልጅቷ ስትወጣ እትዬ ቀለል አላቸው። ቀለል ማለቱን ሲያውቁት ደግሞ ከገዛ አንሶላቸው ላይ ዓይናቸውን ለማንሳት አፈሩ።

* * *

እሑድ ጠዋት መነጽር ሠሪው፣ የመልቀቂያውን ነገር ከእናቱ ሰምቶ፣ አረንጓዴውን በር አንኳኳ። ክፍሉ ውስጥ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እንደ መንገደኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለ። "ጥያቄዬ ቤት እስከ መልቀቅ ያደርሳችኋል ብዬ አላሰብኩም። እምቢ ማለት ይበቃ ነበር።"

"የምን ጥያቄ?" አለች ጠራዧ።

"ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት።"

"የምን ደብዳቤ?"

ሽማግሌው ሳል ሳል አላቸው።

"አልደረሰም" አሉ። "በደንቡ አልደረሰም። ያልተነበበ ነገር እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው።"

"አባዬ!"

"ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው በር ሥር ወረቀት አሾልኬያለሁ ልጄ። አንድም ቀን ደግ ነገር አላሾለክሁም። እኔ ምን ላስብ?"

ከካፖርታቸው ገበር አውጥተው ወደ ድምፁ ዘረጉት። ጠራዧ ተቀበለችና አባቷ እንዲሰሙ ጮክ ብላ አነበበችው።

"'እንዳትስቂብኝ እፈራለሁ፤ ቀለም ቀብቼ አላውቅም። ያን ቀን ያሳየሽኝን ጨርቅ አስታውሼ ነው። የራሴ በር ቢኖረኝ ብለሽ ነበር፤ ይኼ ያንቺ ይሁን። መስኮቱንም ለክቼዋለሁ፤ በአንድ ክንድ ቢሰፋ ጠዋት ጠዋት አባትሽ አልጋ ላይ ብርሃን ይወርዳል። ብርሃኑን ይለዩታል፣ መርምሬያቸው አውቃለሁ። እዚሁ ከእርሳቸው ጋር እኖራለሁ፣ አንቺ ካገባሽኝ…'"

ጠራዧ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ መስኮቱ አነሱና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"በሩን አንተ ነህ የቀባኸው?" አለች ጠራዧ።

"በገዛ እጄ። ሁለት እጅ።"

"እዚህ ግቢ የተቀባ በር ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?"

"ማን ነግሮኝ?"

ጠራዧ ጎረቤቶቿን በልቧ አንድ በአንድ ቆጠረች። ማን ነግሮት? አስተካካዩ? አጣቢዋ? እሷስ?

"አንድ ዓመት አብረን ሄደናል" አላት። "ስለ እናቴ ስጠይቅሽ 'ደህና ናቸው' ትይኛለሽ። ስለ ግቢው ስጠይቅሽ 'ምንም አይል' ትይኛለሽ። አንድ ቀን እንኳ የሚያማችሁን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?"

"የአከራይ ልጅ ነህ! ምን ብዬ ልንገርህ?"

"አንቺን የወደድኩት እኮ እንደ አከራይ ልጅ አይደለም።"

"እኔም የጠረጠርኩህ እንደ ሰው አልነበረም" አለችና ፊቷን ማጣበቂያ በደረቀባቸው ጣቶቿ ሸፈነች። "በሩን ሳይ አንተን ረሳሁህ። አንድ ቀን እንኳ አልቆየሁም፤ ወዲያው ረሳሁህ!"

እጇን ከፊቷ ላይ አነሳላት።

"ለእናቴ የሰጠሽውን ደብዳቤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

"እሱስ ደርሷል ልጄ" አሉ ሽማግሌው በቀስታ። "ተነቧል።"

ሦስቱም ወደ ትልቁ ቤት ጆሯቸውን አቀኑ። መነጽር ሠሪው ወደዚያው ወጣ።

* * *

ከእትዬ የቁልፍ ዘለላ ላይ አንድ ጎድሏል።

"አንድ የባንክ ሠራተኛ ወስዶታል" አሉ፣ ልጃቸው ከመጠየቁ በፊት። "ክፍላቸውን ሊከራይ ጠዋት መጣ፤ ቃሌን ሰጠሁት።"

"እማዬ፣ ቀቢ አለመላክሽን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ባለፍኩ ቁጥር ዝም ይሉኛል። እኔ አንድ ቀን ዝም ብል ምን አለበት?"

"ላገባት ነው።"

"ገብቶኛል። ለአንዲት ሴት ብሎ በር የሚቀባ ወንድ ቀልድ አይደለም።"

"እንግዲያው እዚህ እናምጣቸው። የአባቴ ክፍል ባዶ ነው።"

እትዬ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው።

"ዛሬ የአባትህ ክፍል። ነገ ሳሎኑ። ከነገ ወዲያ እኔን ስድስተኛው ክፍል ታስገቡኛላችሁ፤ 'እማማ፣ እዚያ ይሻልዎታል፣ ጸጥ ይላል' ትለኛለች ሚስትህ። ከዚያም ወዲያ በሬን ታስቀቡልኛላችሁ።"

"ምን ነካሽ?"

"ምንም። ስታስወጡኝ ብቻ ሰው ፊት አትጩኹብኝ።"

ልጅየው እናቱን አየ፤ የሚያስፈራሩት መስሎት ነበር፣ ለካ የሚፈሩት እሳቸው ናቸው።

"እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ፣ እማዬ።"

"ውጣ። ክፍልህን አከራየዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለመጣው።"

እስኪስቁ ጠበቀ። ድሮ እንዲህ ብለው ሲያበቁ ይስቁ ነበር። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ አልሳቁም፤ እሱም ያን ዕለት እናቱን በሕይወት እያሉ አጣቸው።

* * *

በወሩ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ የባንክ ሠራተኛው ሶፋ ገባ፣ የሽማግሌው አልጋ ወጣ። ፍራሹን በአንድ ጫፍ መነጽር ሠሪው፣ በሌላው አስተካካዩ ይዘውት አራት መንገድ ተሻገሩ። አስተካካዩ መንገዱን በሙሉ ስለ ዝናቡ አወራው።

አዲሱ አከራይ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወፍራም ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"ስንት ናችሁ?"

"ሦስት" አለ መነጽር ሠሪው።

"ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም።"

"እሺ።"

"እንግዳ አያድርም።"

"እሺ።"

"ድምፅ አልወድም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ትንፋሽ ሳይቀር እሰማለሁ።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

ጠራዧ ድንገት ዞር ብላ አየችው። ይህን ሰው "ጌታዬ" ሲል ሰምታው አታውቅም። ጎረቤቶቿ ከእሱ ጋር ሲነጋገሩ እንደሚያደርጉት ሁሉ ትከሻው ወደ ፊት ወደቅ ብሏል። አንድ ወር ሳይሞላው ተምሮታል፤ ማንም ሳያስተምረው።

"በሩ ወዴት ነው?" አሉ ሽማግሌው አየሩን እየዳበሱ። መነጽር ሠሪው ክንዳቸውን ያዘ።

አከራዩ ክንዱን አዩ፣ ጠራዧን አዩ።

"ይኼ ልጅ ምንሽ ነው? ወንድምሽ ነው?"

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሳጥንና ገመድ ነው። ጠራዧ ለደብዳቤው ገና መልስ አልሰጠችም። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም፤ ፍራሽ ተሸክሞ ግን መጥቷል። ላቡ እንደወረደ፣ ቤት የሌለው ሰው ሆኖ፣ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ዓይኗን እያያት ነው።

"ባሌ ነው" አለች።

የሽማግሌው ፊት በራ። መነጽር ሠሪው የያዘውን ክንድ ጨበጥ አደረገ።

"ጥሩ" አሉ አከራዩ። "ባለትዳር እወዳለሁ። ቤቱን ልሸጠው ያሰብኩ ዕለት ደግሞ ቀድሜ ነው የምነግራችሁ፤ እንደ ሌሎቹ አይደለሁም።"

ቁልፉን ሰጥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በራቸውን ግን አልዘጉትም። ነጠላ ጫማቸው ሲንሸራተት ተሰማ፣ ከዚያ ከስሱ ግድግዳ ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

መነጽር ሠሪው ሁለት እጇን ጨበጠ። ሳቁ ሊያመልጠው ነው፤ የእሷም እንዲሁ።

"የእውነትሽን ነው?" አለ። "የእውነትሽን ነው ያልሽው? ድገሚልኝ!"

ጠራዧ በዕድሜዋ እንደዚያ ቅጽበት መጮኽ አምሯት አያውቅም። ግንባሯን ግንባሩ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ግን ከግድግዳው ላይ አላነሳችም።

"ቀስ" አለችው በሹክሹክታ፣ "ቀስ በል፣ ይሰሙናል።"